ወባ ቀርከሃ አይሻገርም

ታላቅ ወንድሜን ወደ ቆላ የሚያወርዱት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ ወይ የሞተ ሰው፣ ወይ የሚያገባ ሰው። ለሞተ ከወረደ ቀብሮ በዚያው ቀን ይመለሳል። ለሚያገባ ከወረደ ምሳ በልቶ እጁን ሳይታጠብ መኪና ይጠይቃል። ጨንቻ ተወልዶ ጨንቻ ያረጀ ሸማኔ ነው። እኔ አርባ ምንጭ ወርጄ ሙዝ ነጋዴ ከሆንኩ ልጆቼ ለወግ ለማዕረግ ደርሰዋል፤ እሱ ግን ዛሬም ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ወባው እንዴት ነው?» ብሎ ነው። ስለ አማች የሚጠይቅ ይመስላል።

«ደህና ነው፣ ሰላም በልልኝ ብሎሃል» እለዋለሁ።

«አንቺ ሳቂ» ይላል።

ላይ ባሉት ሰዎች ዘንድ ነገሩ ያለቀለት ነው። ቆላ ማለት ወባ፣ ወባ ማለት ቆላ። ቆላ ወርዶ የታመመ ሰው መድኃኒቱ ወደ ላይ መውጣት ነው። መንገዱን ይዘህ ስትወጣ ቀርከሃው ከሚጀምርበት በላይ ወባ አያልፍም ይላሉ፤ «ወባ ቀርከሃ አይሻገርም»። እኔም ይህንኑ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ታች ያለነው ደግሞ የራሳችን አለን፦ ያተኮሰው ሁሉ ወባ ይዞታል። ራስ ምታቱም ወባ ነው፣ ቁርጥማቱም ወባ ነው፣ ሰኞ ጠዋት ከሥራ መቅረቱም ወባ ነው። ላይ ያሉትና ታች ያለነው በብዙ ነገር አንስማማም። በዚህ ግን ተስማምተናል፤ ወንድሜን ሊገድለው የነበረውም ይሄው ስምምነታችን ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ለሴት ልጄ ሽማግሌ ሊላክ ሆነ። ባሌ ካረፈ ቆይቷል። ስለዚህ ከሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት የሚቀመጥ፣ ጺሙን ዳበስ አድርጎ «እስቲ እንመካከርበት» የሚል ወንድ ዘመድ ያስፈልጋል። እኔው ብቀመጥ ደስ ይለኝ ነበር፤ ከኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ ደላሎች ጋር ስከራከር የኖርኩ ሰው ሽማግሌ አይከብደኝም። ግን ወግ ወግ ነው። ደወልኩለት።

«ሌላ ሰው አይሆንም?» አለኝ።

«ሌላ አጎት የላትማ።»

«በስልክ ባናግራቸውስ?»

«ኧረ ጋሼ!»

«እሺ በቃ፣ እሺ። ግን አላድርም።»

መጣ፤ አደረም። ቡልኮውን በፌስታል ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ነበር የወረደው። ቡልኮ ይዞ አርባ ምንጭ መምጣት በጀሪካን ውሃ ሞልቶ አባያ ሐይቅ እንደ መሄድ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀበት። ይስል ነበር። «ጉንፋን ነው፣ ላይ ብርዱ ጠንክሯል» አለ። የደጋ ሰው መሳሉ ብርቅ ስላልሆነ ማንም ልብ አላለውም።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሳሎን ሶፋው ላይ ተደርድረው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ገና የመግቢያውን ንግግር ሲጀምሩ ወንድሜ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ጉልበቱ፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ ጥርሱ እርስ በርሱ ይጋጭ ጀመር። ለወግ ብሎ አፉን ጥርቅም አድርጎ ዘጋና ዓይኑን አፍጥጦ ያያቸዋል። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ትልቁ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ «አጎትየው ተቆጥተዋል» ሲል ሰማሁት። ከዚያማ ይቅርታው መጣ፦ ዘግይተናል፣ ቀድመን ሰው መላክ ነበረብን፣ ልጃችን ቢያጠፋ እንኳ ልጅ ነው። ምን እንዳጠፋ እኔም አላውቅም። በዕድሜዬ ስንት ድርድር አይቻለሁ፤ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ያሸነፈ ሰው ግን እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

እነሱ ከበር ሲወጡ አልጋ ላይ ወደቀ። በዚያ ሙቀት ቡልኮውን እስከ አፍንጫው ሳበና አየኝ። ዓይኑ በትኩሳት ያበራል።

«አልነገርኩሽም?» አለ።

እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎት ነበር። ዕድሜ ልኩን ሲናገር የሳቁበት ነገር ደርሶለታል።

ጎረቤቴ ዓሣ ነጋዴ ናት። አንድም ቀን በሽታ አይታ «አላውቀውም» ብላ አታውቅም። ገብታ ግንባሩን ነካች። «ወባ ናት» አለች፤ እጇን ከግንባሩ ሳታነሳ። ከዚያ በኋላ የታየው ምልክት ሁሉ ወዲያው ገዢ አገኘ። ቀኝ ጎኔን ውጋት ያዘኝ፣ ስተነፍስ ይወጋኛል ሲል፣ የሚኒባሱ ወንበር ነው ተባለ፤ እውነትም የሚኒባሱ ወንበር ሰው ይገድላል። ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ፣ የሮጠ ሰው ይመስል አፍንጫው ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ደገኛ ነው፣ ሙቀት አልለመደም ተባለ። ሲስል ያወጣው አክታ የዛገ ቆርቆሮ መልክ ነበረው፤ ለሱም የመንገዱ ቀይ አቧራ ተገኘለት። ልጄ ሶፍቱን አየችና «እማ፣ ይሄ አቧራ ነው?» አለችኝ። «ታዲያ ምን ሊሆን ነው?» አልኳት። በገበያ ያየሁት አንድ ነገር አለ፤ ሰው የሚፈልገውን ቀድሞ ከወሰነ ዕቃውን አገላብጦ አያይም።

ጠዋት ክሊኒክ ወሰድነው። ከጣቱ ደም ወስደው መረመሩና ወባ የለም አሉ። የላብራቶሪው ልጅ ወረቀቱን እየሰጠኝ «እትዬ፣ ሐኪሙ ከሰዓት ይገባል፣ ደረታቸውን ቢያዳምጣቸው ጥሩ ነው» አለኝ። እኛ ደግሞ ከሰዓት ድረስ አግዳሚ ወንበር ላይ አናስቀምጠው ብለን ይዘነው ተመለስን።

ጎረቤቴ ውጤቱን ስትሰማ ከንፈሯን መጠጠች። «ዛሬ ተደብቃ ይሆናላ። ወባ ጉበት ውስጥ ትደበቃለች። የኔን ልጅ ስንቴ የለም ብለውት!»

የወባ ኪኒን ከቤት አይጠፋም፤ ሰጠነው። ለትኩሳቱም ማስታገሻ ሰጠነው፤ አላበውና ቀለል አለው። «አያችሁ፣ ሠራለት» አልን። ሲመሽ ትኩሳቱ ተመለሰ። በነጋታው ቃል ሲያወጣ መሀል ላይ እየተቋረጠ ነበር። ሁለት ቃል ይናገርና አየር ይስባል፣ ደግሞ ሁለት ቃል።

«አውጪኝ» አለኝ። «ቆላ… አልሞትም። ወደ ላይ… አውጪኝ።»

አርባ ምንጭ ሆስፒታል አለ። ከቤቴ በባጃጅ ቅርብ ነው። ያን ቀን በፊቱ አልፈን ነው የሄድነው። ሰው ዛሬ ሲሰማ ይገርመዋል። እኛን ያን ጊዜ አልገረመንም። ደገኛ ቆላ ታሟል፤ ወደ ደጋ ይወጣል፤ አለቀ። ሚኒባስ በኮንትራት ያዝኩ፣ የኋላ ወንበር ላይ አጋድመን ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ተነሣን።

ስለዚያ መንገድ ስጽፍ ምን እንደተሰማኝ መናገር ይጠበቅብኝ ይሆናል። ሰዎች ልቤ ተሰበረ፣ አንጀቴ ተቆረጠ ይላሉ። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ጭኔ ደንዝዞ ነበር፤ ሌላውም ሁሉ እንደ ጭኔ ደነዘዘ። ልቤ ግን ሥራ ላይ ነበር። ለእድሩ ማን ይነግራል፣ ድንኳን ታች ነው ወይስ ላይ ይተከላል፣ ልጄ ጥቁር ልብስ አላት ወይ፣ ሰርጉ ለመቼ ይዛወራል። እንደ ጭነት አንድ በአንድ አሰናዳሁት። የወንድሜን ቀብር ከዶርዜ በታች ባለው ጠመዝማዛ ላይ ጨርሼዋለሁ፤ የቀረው ሰውየው መሞቱ ብቻ ነበር።

ከፍ እያልን ስንሄድ ቀዝቃዛ ነፋስ በመስኮቱ ገባ። ወንድሜ ዓይኑን ገለጠ። «አሁን… ገና ተነፈስኩ» አለ። ሾፌሩ በመስታወት አይቶ «ደጋው አወቃቸው!» አለና ሳቀ። ቀርከሃው ታየ። ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ፣ ወባዋን ሸኘናት ለማለት ነው። ቀርከሃውን ካለፍን በኋላ የወንድሜን ከንፈር አየሁት። ያልበሰለ ሾላ መልክ ሳይሆን የበሰለው፣ ወደ ጥቁር የሚያደላው መልክ ነበረው። ብርድ ነው አልኩና ቡልኮውን ሳብኩለት።

ቤቱ ስንደርስ ሰው ቀድሞ ተሰብስቧል። ከመሀል እሳት ተያይዟል፣ በሩ ብርድ እንዳይገባ ተዘግቷል፣ ጭሱ መውጫ አጥቶ ከጣራው ሥር ይዞራል። ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ሰዎች ሊጸልዩለት ከበውታል፤ እያንዳንዱ በየፊናው ይስላል። ወንድሜ ከእሳቱ አጠገብ ተኝቶ እጆቹን ወደ ላይ አነሳ። ቀኝ እጁ ወደ ግራ ይወረውራል፣ ግራው ይቀበላል፣ መልሶ ወደ ቀኝ ይወረውራል። አንዷ ሴትዮ «እጁን ለምስጋና አነሣ» አለች። ምስጋና አልነበረም። መወርወሪያ እየወረወረ ነበር። በሌለ ድር ላይ ማግ እያስገባ ይሸምናል።

ሚስቱ እግሩ ሥር ቆማለች። ብዙ የማትናገር ሴት ናት። እሷ ዝም ባለች ቁጥር እሱ ለሁለት ሲያወራ ነው የኖሩት። እጆቹን ጥቂት አየችና ወደኔ ዞረች።

«እህቴ፣ ወባ እዚህ ትኖራለች?» አለችኝ።

«ኧረ፣ እዚህማ አትኖርም።»

«ቀርከሃውን ትሻገራለች?»

«አትሻገርም።»

«እሱ ግን ታች ከነበረው ብሶበታል ወይስ ተሽሎታል?»

«ብሶበታል።»

«እንግዲያ ወባ አይደለችማ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ወባ ብትሆን እዚያው ትቀር ነበር። ደግሞ ከመውረዱ በፊት ሲስል ነው የሰነበተው። ላንቺ እንዳልነግርሽ፣ ቀረ እንዳይባል ብሎ ለምኖኝ ነው ዝም ያልኩት። ተነሡ፣ አንሡት።»

አንድ ሽማግሌ «ይረፍ እንጂ፣ መንገድ ደክሞታል» አለ።

«ሲሞት ያርፋል» አለች። «በሩን ክፈቱልኝ።»

እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ስንቱን ክርክር ሰምቻለሁ። አባቶቻችን የነገሩንን አንድም ቃል ሳትክድ፣ በዚያው በእነሱ አባባል መንገድ ሄዳ የጨንቻ ሆስፒታል በር ላይ አደረሰችን። በቃሬዛ ተሸክመነው ስንወጣ ጭሱም ከኋላችን ተከትሎ ወጣ።

ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ናት፤ ከልጄ ብዙም አትበልጥ። ጣቱ ላይ የልብስ መቆንጠጫ የምትመስል ነገር አደረገችለት፣ የሚታየውን ቁጥር አየችና ከዚያ በኋላ በእርጋታ አልተናገረችም። ኦክስጅን አስመጣች፣ አፍንጫው ላይ ቱቦ ተደረገ፣ ጀርባውን አዳመጠች። በደም ሥሩ መድኃኒት ተጀመረ። ራጅ ተነሣ። ፎቶውን ወደ መስኮቱ ይዛ አሳየችን።

«እናቴ፣ ይሄ ጥቁሩ አየር ነው። በዚህ በኩል ከታች ነጩን ታዪዋለሽ? እዚያ አየር የለም። የሳንባ ምች ነው፤ ባክቴሪያ ያመጣው።»

«ሳንባው ጠፋ ማለት ነው?»

«አልጠፋም። ሳንባ ውስጥ አየር የሚይዙ በጣም ትንንሽ ከረጢቶች አሉ። ባክቴሪያው እዚያ ገብቶ ሲራባ በፈሳሽና በመግል ይሞላሉ። እሳቸው አየር እየሳቡ ነው፣ ግን አየሩ የሚያርፍበት ቦታ የለም። ለዚያ ነው ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሱት።»

ይሄ ወዲያው ገባኝ። መጋዘን ሲሞላ መኪና ሙሉ ሙዝ ደጅ ቆሞ ይጠቁራል። ሙዝ ጠፍቶ አይደለም፤ የሚገባበት ጠፍቶ ነው።

«ቆላ የወረዱት መቼ ነው?» አለች።

ነገርኳት።

«በማግስቱ ነው ያተኮሳቸው? ወባ እንዲህ አትቸኩልም። ዛሬ ብትነከሺ ትኩሳቱ የሚመጣው ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው፣ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። እኚህ ሰው በሽታውን ከዚሁ ይዘውት ነው የወረዱት።»

«ከቡልኮው ጋር» አልኩ።

አልሳቀችም። እኔም አልሳቅኩም፤ አፌ በራሱ ነው የተናገረው።

«ታች ሆስፒታል እያለ ለምን ወደዚህ አመጣችኋቸው?»

«ወባ መስሎን… ደጋ ሲወጣ ይለቀዋል ብለን።»

ፎቶውን አስቀመጠችና ዓይኗን አሸች። «ከፍ ባልሽ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ጤነኛ ሰው አይታወቀውም። ሳንባው እንዲህ የሆነን ሰው ግን የቀረችውን ትንሽ አየር ትቀሚዋለሽ። ሁሌ እንዲህ ነው የምታደርጉት?»

«ሁሌ ነው» አለች የወንድሜ ሚስት።

የዚያን ዕለት አብዛኛውን ሰዓት ኮሪደር ላይ ተቀምጠን ነበር። ሐኪሟ ሳትደብቅ ነግራናለች፦ ዘግይቷል፣ ዕድሜው ገፍቷል፣ መድኃኒቱ ሥራውን እስኪጀምር ኦክስጅኑ ይይዘዋል፤ ሊይዘውም ላይዘውም ይችላል። እኔ ታች ላለችው ልጄ ደውዬ ጥቁር ልብስ እንድታዘጋጅ ነገርኳት። አለቀሰች። እኔ ስልኩን ዘግቼ የሙዝ ጭነት ወደሚጠብቀው ሰው ደወልኩና ነገ አልደርስም አልኩት። ሁለቱን በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው የተናገርኳቸው። የወንድሜ ሚስት ሰማችኝ። ከቤት በፌስታል ይዛው የመጣችውን ቆጮ ቆርሳ ሰጠችኝ፣ በላሁ። ጣዕም አልነበረውም፤ አልጣመኝም ማለቴ አይደለም፣ ጣዕም የሚባል ነገር ራሱ ጠፍቶ ነበር።

ሐኪሟ በመሀል ወጥታ ብዙ ነገር ጠየቀችን። የትምባሆ ጋያ ያጨሳል ወይ? ያጨሳል፣ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ። እሳቱ የሚነደው እሱ በሚተኛበት ቤት ነው ወይ? ነው። ሽመናውስ? እዚያው ነው፣ ብርሃን በሚገባበት በኩል።

«ባክቴሪያው ብዙ ሰው ጉሮሮ ውስጥ ዝም ብሎ ይኖራል» አለችን። «ጉንፋን ሲይዝሽ፣ ጭስና ትምባሆ ሳንባሽን ሲያደክመው መንገድ ያገኝና ይወርዳል። ለሕፃናት የሚከላከል ክትባት አለ፤ የልጅ ልጆች ካላችሁ ጤና ኬላ ወስዳችሁ አስከትቡ፣ ገንዘብ አይጠየቅበትም። ለትልልቅ ሰዎችም ክትባት አለ፣ እዚህ ግን የለንም። ያለን ጋያውን ማስተው፣ እሳቱን ከቤት ማውጣት፣ ሲስሉ አፍ መሸፈን፣ እጅ መታጠብ ነው።»

«ጋያውን ይተዋል» አለች የወንድሜ ሚስት፤ እሱ የሌለበት ውሳኔ ነበር። «እሳቱንም አወጣዋለሁ።»

«ደግሞ ለሌላ ጊዜ» አለች ሐኪሟ ወደኔ ዞራ፤ «ትኩሳትና ሳል ያለው ሰው ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ደረቱን ከወጋው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይ ከዘባረቀ፣ የወባ ምርመራው አለ ቢልም የለም ቢልም ደረቱን ሐኪም ያዳምጠው። ወደ ላይ አትውጡ፣ ወደ ታች አትውረዱ። ቅርብ ያለው ጤና ተቋም ሂዱ።»

አልሞተም።

መጀመሪያ እጆቹ መሸመን አቆሙ። ከዚያ ተኛ፤ እንቅልፍ የሚመስል እንቅልፍ። ትኩሳቱ እያደር በረደ፣ ሾርባ ጠጣ፣ ሾርባውን ሰደበ። ከጎኑ ያለውን በሽተኛ ያገሩን ስም፣ ያባቱን ስም፣ የሚያውቀውን ሰው ሁሉ ጠየቀ። አንድ ጠዋት ስገባ ቡልኮውን ትከሻው ላይ ጥሎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«አየሽ?» አለኝ። «ደጋው።»

«ምኑ ደጋው?»

«ደጋው ነዋ ያዳነኝ! ታች ብቀር ሞቼ ነበር። በይ ተነሺ፣ እንሂድ።»

«መድኃኒቱ አላለቀም ጋሼ። ሐኪሟ ትንሽ ይቀራል ብላለች። አንተ ሸማ ሳያልቅ ታወርዳለህ?»

«ደንበኛ ካስቸገረኝ አወርዳለሁ።»

ሐኪሟ መጣች። ትኩሳት ሲወርድ ባክቴሪያው ሁሉ አልቋል ማለት እንዳልሆነ፣ መድኃኒቱ በመሀል ከተቋረጠ የተረፈው ዳግመኛ እንደሚነሣ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሊከብድ እንደሚችል ነገረችው። ራሱን እየነቀነቀ ሰማት። የደላላ ዓይነት ራስ መነቅነቅ ነው፤ አልተስማማም ማለት ነው።

«የኔ ልጅ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ» አላት። «ግን እኔን ደጋው ፈውሶኛል።»

ተከራክራ እንደማታሸንፈው ገባት መሰለኝ። «እሺ አባባ» አለችና ቱቦውን ከአፍንጫው አወጣችለት። «እስከ በሩ ይሂዱ። ከደረሱ ይወጣሉ።»

ተነሣ። ቡልኮውን እንደ ባለሥልጣን አስተካከለ። ከጎኑ ላለው በሽተኛ «እግዜር ይማርህ» ብሎ ተሰናበተው። እየተራመደ ሄደ፣ ከበሩ ፊት የግድግዳውን ጠርዝ ያዘ፣ ቆመ። ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል።  ዞረና እያዘገመ ተመልሶ አልጋው ላይ ቁጭ አለ።

«ጫማዬን ረስቼ ነው» አለ።

ጫማው እግሩ ላይ ነበር። ሚስቱ ጎንበስ ብላ አወለቀችለት፣ እሱም ተኛ። መድኃኒቱን ጨረሰ፤ ወደ ቤት ሲላክ የተሰጠውን ኪኒንም ሚስቱ በእጇ እያቀረበች፣ አፉን እያስከፈተች አስጨረሰችው።

ደስታው መቼ እንደሚመጣ እየጠበቅሁ ነበር። ልጄ በስልክ እልል አለች። የወንድሜ ሚስት ማድ ቤት ገብታ ብቻዋን አለቀሰች፤ ዓይኗ ቀልቶ ስትወጣ አይቻለሁ። እኔ ግን ያን ቀብር በመንገድ ላይ ጨርሼው ስለነበር ይመስለኛል፣ ሰውየው ሲተርፍ የት እንደማስቀምጠው አላወቅሁም። እጁን እይዘዋለሁ፤ ሞቃት ነው፣ የወንድሜ እጅ ነው፣ አውቀዋለሁ። ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። አንዳንዱ ስሜት ዘግይቶ ይመጣል ብለውኛል። እስካሁን አልመጣም፤ መንገድ ላይ ይሆናል።

ከሆስፒታል ወጥቶ ሰንበት ብሎ ልጠይቀው ወጣሁ። ቤቱ ተለውጧል። እሳቱ ከቤት ወጥቶ ጓሮ የቆርቆሮ ዳስ ሥር ሆኗል፣ በአንድ በኩል መስኮት ተከፍቷል፣ ወንድሜም ቤቱ ሜዳ ሆነ እያለ ያማርራል። ሊጠይቀው የሚመጣው ሰው አላቋረጠም። ለመጣው ሁሉ ታሪኩን ይነግራል፦ ቆላ ወረደ፣ ወባ ያዘችው፣ ቀርከሃውን ሲያልፍ ወባዋ ወረደች። በታሪኩ ውስጥ ኦክስጅን የለም። ሐኪሟም የለችም። እኔ አለሁ፣ ወደ ታች የጠራሁት ሰው ሆኜ።

አልተከራከርኩም። ሚስቱም አልተከራከረችም።

አንድ ጎረቤታቸው ገባ፤ ገበሬ ነው፣ ኮፍያውን በእጁ ይዟል። እንኳን እግዜር ማረህ ብሎ ጥቂት ተቀምጦ፣ ከዚያ የመጣበትን አወጣ። ሴት ልጁ ኩልፎ ዳር ሙዝ እርሻ ላይ በቀን ሥራ ትሠራለች። ያተኩሳታል። የወባ ኪኒን ሰጥተዋታል፣ ትኩሳቱ ግን አልለቀቃትም። መኪና ፈልጎ ሊያወጣት ነው፤ ወንድሜን በየትኛው መኪና እንደወጣ ሊጠይቀው መጥቷል።

ወንድሜ አፉን ከፈተ። ምን ሊል እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ታሪኩን ስንቴ ሰምቼዋለሁ። ሚስቱ ጓሮ ከእሳቱ ጋር ነበረች። እኔ ለመናገር ስነሣ እሱ ቀደመኝ።

«ትንፋሿ ቶሎ ቶሎ ነው?» አለው።

«ትላለች። ስትናገር ትቆራርጠዋለች።»

«ጎኗንስ ይወጋታል?»

«እሱንም ትላለች።»

ወንድሜ ጉልበቱን ዳበሰ። ወደኔ አላየም።

«አታምጣት» አለው።

«እንዴት?»

«አታምጣት አልኩህ። እዚያው ታች ሆስፒታል ትግባ። ዛሬውኑ። ደረቷን ያዳምጧት፣ ፎቶ ያንሷት።»

«አንተን ደጋው አይደል እንዴ ያዳነህ?»

«እኔን አዎ» አለ ወንድሜ። «እኔን ደጋው ነው ያዳነኝ። እሷን ያውቃት እንደሆነ ግን አላውቅም።»

ሰውየው ግራ እንደገባው ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ልጅቷ አነሣች። ሆስፒታሉን የት እንደሆነ ሊነግራት አልቻለም፤ አያውቀውም። ስልኩን ለኔ ሰጠኝ። የምትተነፍሰው ከቃሏ በላይ ይሰማል። በየት በኩል እንደምትገባ፣ ማንን እንደምትጠይቅ፣ መጀመሪያ ስለ ትንፋሿ እንድትነግራቸው አስረዳኋት።

«በእግሬ ልሂድ?» አለችኝ።

«በእግርሽ አትሂጂ» አልኳት። «ባጃጅ ያዢ።»